ትጉህ፣ ተግባቢ፣ በግፊት ውስጥ መሥራት የምትችል

የ2017 ክረምት ነው፤ ሐምሌ ገብቷል። ደብረ ኤልያስ በሐምሌ እንዴት እንደሚዘንብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቆርቆሮ ሥር ተቀምጠው ሁለት ሰዎች እየጮኹ ሲጫወቱ የሰማ ጎረቤት ሊያስታርቅ ይመጣል። በዚያ ዝናብ የእህቴ ልጅ የማዳበሪያ ከረጢት ከራሷ ላይ ጣል አድርጋ ዘው አለች። ከረጢቱን በሩ ላይ አራገፈችና ከብብቷ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች።

«ጋሼ፣ እስቲ ስለ ራሴ ይጻፉልኝ።»

«ስለ ማን?»

«ስለ ራሴ!»

«ስለ ራስሽማ ራስሽ ነሽ እንጂ የምትጽፊው።»

«እኔ ስለ ራሴ ምን አውቄ?» አለችና ተቀመጠች።

ወረቀቱን ገልጬ ሳየው ማስታወቂያ ነው። ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ ድርጅት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የክረምት ሥራ አውጥቷል። ሁለት ወር ነው፤ አበልም አለው። የሚፈለገው ሲቪ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ የተማሪ መታወቂያ። ከሥር ደግሞ አንዲት መስመር፦ «አመልካቹ/ቿ ማን እንደሆነ/ች ከ150 ባልበለጡ ቃላት ይግለጽ/ትግለጽ»። ቤታችንን ያመሰችው ይህች መስመር ናት።

እኔ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በትንሽ ከተማ ጡረታ የወጣ የአማርኛ መምህር ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው፤ ማመልከቻ ጸሐፊ ይሆናል። ስለ ድንበር ጽፌአለሁ። ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ጠፋ ካርታ፣ ስለዘገየ ጡረታ፣ የጎረቤት አህያ ስለበላው ገብስ ጽፌአለሁ። የሰው ደግነት እንድጽፍ የተጠራሁት ግን ለቅሶ ቤት ብቻ ነው፤ ሬሳው ከመውጣቱ በፊት የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ። እዚያ ላይ ሟቹ ሁልጊዜ ትሑት፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ቤተ ሰቡን አክባሪ ነው። እሱም አይቃወም፤ እኔም አልጠየቅ።

በቁም ያለ ሰው ግን «እኔ» ብሎ የሚጽፈው ሲበደል ነው። «እኔ አመልካች» ከተባለ ወዲያ መበደሉ፣ መገፋቱ፣ አቤት ማለቱ ይከተላል። «እኔ» ብሎ የሚጮኸው ደግሞ ሲፎክር ነው፤ እሱም ገድሎ፣ ምስክር አቁሞ፣ ከጠጁም ቀመስ አድርጎ ነው። ነገሥታቱ እንኳ ሲፎክሩ ራሳቸውን የሚጠሩት በፈረሳቸው ስም ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። ማንም ሳይነካው፣ ሳይቀምስ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ «እኔ ትጉህ ነኝ» ብሎ የሚጽፍ ሰው በእኛ ሰፈር ቢገኝ «ምን ነካው?» ተብሎ ጠበል ይወሰዳል። አሁን ይህን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አድርጊ ተባለች።

ልጅቱ ግን ባዶ እጇን አልመጣችም። ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሳ ነበር።

ፎቶ ኮፒ ቤታችን አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ላሚኔት ማድረጊያና አንዲት ጸሐፊ አለው። ኮምፒውተሩ ውስጥ «ሲቪ» የሚባል ፋይል አለ። ማን እንደጻፈው አይታወቅም፤ ከባሕር ዳር በፍላሽ መጣ የሚሉ አሉ። ወጣቱ ይመጣል፣ ስሙን ይናገራል፣ ጸሐፊዋ የቀደመውን ልጅ ስም ታጠፋና የእሱን ትተካለች። ፕሪንት ይወጣል፤ ብሩን ከፍሎ ይሄዳል። ስም ይለወጣል፣ ጠባይ ግን ያው ነው። አንዳንድ ቀን ሰው ሲበዛ ከስም በቀር የሚለወጥ የለም፤ አምና አንድ ጢሙ ያቀመቀመ የሰፈራችን ልጅ «ጾታ፦ ሴት» ተብሎ ወጥቶለት ሳያይ አስገብቶታል።

ስለዚህ የደብረ ኤልያስ ወጣት በሙሉ ትጉህ ነው። ተግባቢ ነው። በግልም በቡድንም መሥራት ይችላል። በግፊት ውስጥ መሥራት ይችላል። ትርፍ ጊዜውን መጽሐፍ በማንበብና ሙዚቃ በማዳመጥ ያሳልፋል። የጋብቻ ሁኔታው ያላገባ፣ የጤናው ሁኔታ እጅግ ጥሩ። እንዲህ ያለ ትውልድ በአንድ ከተማ ተከማችቶ ቀጣሪ ማጣቱ ይገርመኛል።

ፋይሉ ከጠባዩ ሌላ የቀን መቁጠሪያ አመልም አለበት። ልጅቱ የተወለደችው ጥቅምት 2000 ነው፤ የሚሊኒየሙ ከበሮ ገና ከጆሯችን ሳይወጣ። ፋይሉ ግን ፈረንጅኛ ስለለመደ ጸሐፊዋ 2007 ብላ አስገብታዋለች። ይህ ወረቀት ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ሰውዬው በእኛ አቆጣጠር ካነበበው የአሥር ዓመት ልጅ ሥራ ጠየቀችው ማለት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለውን «ወጣት ሠራተኛ» ይለውና በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አታሠሩት ይላል። 2000 ብለን ብንተወው ደግሞ ፈረንጅኛ የለመደ ዓይን ሃያ አምስት ሊሞላት የደረሰች ሴት ያያል፤ እስካሁን የት ነበርሽ ይላል። በአንድ ወረቀት ላይ ልጄ ወይ ለሥራ አልደረሰችም ወይ አልፎባታል። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ «ጥቅምት 2000 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብዬ በእጄ አረምሁት። ለዚህ ሥራ ካበረከትሁት ሁሉ የሚረባው ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ማታ ጉዳዩ እህቴ ቤት ቀረበ። እህቴን ሰፈሩ ሁሉ እታለም ነው የሚላት። ምድጃው አጠገብ መደቡ ላይ አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። አባባ በወጣትነታቸው ቅኔ ተምረው መሪጌታ ለመባል ጥቂት ሲቀራቸው እናታችንን አይተው ወደ እርሻ የተመለሱ ሰው ናቸው። ሁለቱንም አይቆጩበትም።

ወረቀቱን ማንበብ ጀመርሁ። «የሕይወት ታሪክ» ከማለቴ፦

«በስመ አብ!» አለች እታለም። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፤ ሲቪ ማለት ነው።»

«ታዲያ ልጄን በቁሟ ምን አድርጋ ነው የሕይወት ታሪክ የምታነብባት? ሟርት ነው፤ አጥፋልኝ!»

አጠፋሁት። «ስለ አመልካቿ» አልሁት። ቀጠልሁ። «ተግባቢ» የሚለው ላይ ስደርስ እታለም እንደገና እጇን አነሳች። ተግባቢ ተብሎ በወረቀት ከተጻፈ ወሬኛ ናት ማለት ነው፤ ከማን ጋር ነው የምትግባባው ይባላል፤ የሴት ልጅ ነገር ነው። እሱም ይውጣ። «በግፊት ውስጥ መሥራት የምትችል» የሚለው ላይ ግን ማንኪያው ከእጇ ወደቀ።

«ግፊት? ልጄን ደም ግፊት የያዛት መቼ ነው? እናቷ እያለሁ ለፎቶ ኮፒ ነገረች?»

«የደም አይደለም እታለም፤ ሥራ ሲበዛባት፣ ሲያጣድፏት ሳትደናገጥ ትሠራለች ለማለት ነው።»

«እሷ?» አለች ልጇን በአገጯ እያመለከተች። «ኤልያስን! ሦስቴ ካልጠራኋት አትነሳም።»

«ትርፍ ጊዜ» የሚለውን ሳላነበው ዘለልሁት። የእታለም ልጅ ትርፍ ጊዜ እንዳላት በዚያ ቤት መግለጥ በማግስቱ የሚፈጨውን በርበሬ መጨመር ነው።

አባባ እስከዚያ ዝም ብለው ነበር። «ትጉህስ ፈጣሪ ነው፤ እኛማ እንተኛለን» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ለመሆኑ ይህን ማን ተቀኘው?»

«ማንም አልተቀኘውም አባባ። ፋይሉ ላይ ያለ ነው።»

«ፋይሉ የማን ልጅ ነው?»

ይህን ጥያቄ እስካሁን አልመለስሁላቸውም። አባባ የመጡበትን ለሚያውቅ ግን ቀልድ አልነበረም። ቅኔ ቤት ውስጥ ከሁሉ የሚያሳፍረው የሌላውን ቅኔ የራስ አድርጎ ማቅረብ ነው። የራስህንም ቢሆን ትናንት ያልኸውን ዛሬ አትደግመውም። ተማሪው ውሎ አምሽቶ አዲስ ቤት ቆጥሮ ይመጣል፤ ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ እያደገ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል፤ የኔታ ፊት ይቀርባል፤ ካልቀና «ተመለስ» ይባላል። የትምህርት ማስረጃው ያ ነው፤ በየቀኑ ይወጣል፣ በየቀኑ ያረጃል። ደብረ ኤልያስ ስሟ የተጠራው በዚህ ነው። ከመላው ጎጃምና ከጎጃምም ወዲያ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ የመጣው አዲስ ነገር ለማለት ነው። በዚህች ከተማ ነው እንግዲህ ወጣቱ ሁሉ በአንድ ፋይል የሚገለጠው።

ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ እዚሁ ደብረ ኤልያስ ተወልደው፣ ቅኔ ተምረው፣ አዲስ አበባ ገብተው ተውኔት ደረሱ፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ለብሔራዊ መዝሙሩ ግጥም ጻፉ። ሀዲስ ዓለማየሁም ከቅኔ ቤታችን ቀምሰዋል፤ በኋላ የጣሊያን እስረኛ፣ አምባሳደር፣ ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1958 «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አወጡ። ሁለቱም አንድ ወቅት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ነበሩ። ያኔ የደብረ ማርቆሱ ማስታወቂያ ደርሷቸው ቢሆን ምን ይጽፉ ነበር እላለሁ አንዳንዴ። እንደ ማንኛውም የዘመናቸው የቆሎ ተማሪ፦ የሥራ ልምድ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ መቆም። ልዩ ችሎታ፣ በአንድ እጅ አኩፋዳ ይዞ በሌላው ውሻ መመከት። በግፊት ውስጥ መሥራት ማለት ያ ነው፤ ውሻው ሁለት ከሆነ ደግሞ በቡድን መሥራት።

«ደግሞስ» አሉ አባባ፣ «ስለ ራሱ የሚያወራ አዋቂ አይቼ አላውቅም።»

እዚህ ላይ መምህርነቴ ተነሳብኝ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የሚባል ጣሊያናዊ ነበር አልኋቸው። የዛሬ አምስት መቶ ዓመት ከዚያም በላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1482 ገደማ፣ ሠላሳ ዓመት ግድም ሲሆነው፣ ለሚላኑ ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ ሥራ ስጠኝ ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ተሸክመው የሚሄዱት ቀላል ድልድይ እሠራለሁ አለ፤ መድፍ እሠራለሁ፣ የተሸፈነ ሠረገላ እሠራለሁ እያለ ደረደረ። መጨረሻው ግድም፣ እንዲያው እንዳይረሳው ያህል፣ ሥዕልም እንደማንም እሥላለሁ ብሎ ጨመረ። ይህ ሰው ነው ኋላ በሥዕሉ ዓለም ያወቀው። በዚያ ላይ የቀረው ረቂቅ በራሱ እጅ የተጻፈ አይደለም ይላሉ አጥኚዎቹ፤ ለካ እሱም ማመልከቻ ጸሐፊ ነበረው። ይህችን ስናገር ቀና ብዬ ነበር።

አባባ ጭራቸውን አንዴ ወዘወዙ። «ሥዕሉን ከመጨረሻ ነው ያልኸኝ?»

«ከመጨረሻ።»

«እንግዲያ ሰውዬው ቅኔ ያውቃል። ወርቁን ከታች ቀበረው።»

ወደ ወረቀቱ ተመለስን። ፋይሉ ላይ በየዓመቱ ምን እንደተማርሽ የሚሞላ ሰንጠረዥ አለ፤ በመካከሉ ባዶ ቦታ ወጣበት። በክልላችን በግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ የከረመበት ጊዜ ነው። ምን ብለን እንሙላው? «ዕረፍት» እንዳንል ያረፈ የለም። «አቋርጣ» ካልን እሷ ያቋረጠች ይመስላል። ሰርዘን እንዝለለው ስል ልጅቱ እንደ ቀላል ነገር፦

«እቁቡን የያዝሁት ያኔ ነው እኮ» አለች።

«የትኛውን እቁብ?»

«የእማን ነዋ።»

ደብተሩን ከቁም ሣጥኑ ራስ ላይ አውርዳ አመጣችው። እኔ በዚያ ቤት በሳምንት ሦስቴ ቡና የምጠጣ ሰው ነኝ፤ ይህን ደብተር አይቼው አላውቅም። ሃያ አራት ሴቶች ናቸው። ቀደም ሲል ሒሳቡን የምትይዘው አንዲት ሴት በቃሏ ነበር፤ ከፍያለሁ አልከፈልሽም ተባብለው ሁለት ጎረቤታሞች ለቡና መጠራራት እስከ መተው ደረሱ። ልጅቱ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ቤት ስትውል ደብተር አሠመረች። ስም ጻፈች፣ ቀን ጻፈች። ግን አሥራ አንዱ ሴቶች ማንበብ አይችሉም፤ ስማቸው ፊት ምን እንደተጻፈ አያዩም፤ አያምኑምም። ስለዚህ ለእያንዳንዷ ከስሟ ጎን ምልክት ሣለችላት። እንቁላል ለምትሸጠው ዶሮ። ቡና ለምታፈላው ጀበና። ለአንዷ የስንዴ ዛላ፣ ለአንዷ ሙዳይ። አንዷ ስልክ ይሁንልኝ ብላ ስልክ ተሣለላት፤ ስልክ የላትም፤ ዐረብ አገር ያለችው ልጇ እልክልሻለሁ ስላለቻት ነው። የከፈለች እንደሆነ ከምልክቷ ፊት ሰማያዊ ጭረት ይሰመራል፤ ራሷ ጣቷን ሰድዳ ትቆጥረዋለች። የእታለም ምልክት ምጣድ ነበር። ምጣድ ሲሣል ክብ ነው። አንድ እሑድ ልጅቱ ታማ ሌላ ሰው ደብተሩን ቢይዝ ክቡን ዜሮ ነው ብሎ እታለም ዱዲ አልከፈለችም አለ። ከዚያ ወዲህ ምጣዱ ላይ አክንባሎ ተጨመረ።

ደብተሩን ገጽ በገጽ አገላበጥሁ። ዶሮዋ በየገጹ አለች፤ መጀመሪያ ላይ እንቁራሪት የመሰለች ናት፣ እየቆየች ጅራት አወጣች፣ ኋላ ላይ ኩክኒ ተሠራላት።

«ይኸው እንጂ!» አልሁና ብዕሬን አነሳሁ። «በፋይናንስ አስተዳደርና በማኅበረሰብ አገልግሎት ዘርፍ የዳበረ...»

«ጋሼ፣ ተዉት እኔ ልጻፈው» አለች።

ተውሁት። ኩራዝ የሚያህለውን የባትሪ መብራት ወደ ራሷ ስባ ጻፈች። እንዲህ ይላል፦

«የእናቴን ማኅበር የእቁብ ደብተር እይዛለሁ። ሃያ አራት ሴቶች ናቸው፤ አሥራ አንዱ ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ ለሁሉም ምልክት ሣልሁላቸው። እስካሁን ብር አልጎደለም። አንዴ ሁለት መቶ ብር በልጦ ሦስት ቤት ዞሬ የብሩን ባለቤት አገኘሁ። ዶሮ አሳምሬ እሥላለሁ። በግ ግን ውሻ ይመስልብኛል።»

ከ150 ቃል ሲሶውን እንኳ አልሞላችም። የበጓን ዐረፍተ ነገር ሰርዤ ማሳመሪያ ልጨምርበት አሰብሁ፤ ሥራ የሚለምን ሰው ጉድለቱን አይናገርም። አባባ ግን «ሁለት ቤትም ይበቃ ነበር። በጓ ትቆይ» አሉ። ቆየች።

የቀረው «ሦስት ዋቢ ሰዎች ከነስልካቸው» የሚለው ነበር። እታለም ዋቢን ዋስ ብላ ስለሰማችው በመጀመሪያ ማንንም አላስቸግርም አለች፤ ላጠፋችው የሚከፍል መስሏታል። ሲገባት ሁለት ሰው ከእቁቡ ተገኙ። ሦስተኛው የደብሩ አንድ አባት ናቸው፤ ስልክ አይዙም። «ከቅዳሴ በኋላ ዛፉ ሥር ይገኛሉ» ብለን ጻፍን። እውነት ነው፤ በስልክ ከሚገኘው ብዙ ሰው ይልቅ የሚገኙት እሳቸው ናቸው።

በማግስቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ተወስዶ ተተየበ። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ተጻፈ። ፎቶው ተለጠፈ፣ ፖስታው ታሸገ፣ ደብረ ማርቆስ ለሚሄድ ሰው ተሰጠ። መልስ እንጠብቃለን።

አሥር ቀን ቢያልፈው ነው፤ ዝናቡ ያው ነው። ያ አምና ሴት ሆኖ የወጣው የሰፈራችን ልጅ በሬን አንኳኳ። አሁን ሳያስነብብ አያስገባም፤ ተምሯል። «ጋሼ፣ ይቺን ሲቪ እስቲ ይዩልኝ፤ ስሕተት እንዳይኖራት» አለኝ። አባባም በዕለቱ እኔ ዘንድ ነበሩ። ጾታውን አየሁ፤ ወንድ ይላል። የልደቱን ዓመት አየሁ፤ ልክ ነው። ወደ ታች ወረድሁ።

«የእናቴን ማኅበር የእቁብ ደብተር እይዛለሁ። ሃያ አራት ሴቶች ናቸው፤ አሥራ አንዱ...»

«አንተ፣ እናትህ እኮ እቁብ የላትም።»

«የላትም ጋሼ።»

«ዶሮስ መቼ ነው የሣልኸው?»

«እኔ እንጃ» አለ፣ ጢሙን እየዳበሰ። «ፋይሉ ላይ ያለ ነው። አሁን ሁሉም በዚህ ነው የሚያወጣው።»

አባባን አየኋቸው፤ አባባ አዩኝ። ከዚያ አንድ ነጭ ወረቀትና ቢክ ከጠረጴዛው አንስተው ለልጁ ሰጡት።

«በል እስቲ ሣላት።»

ልጁ ጎንበስ ብሎ ጀመረ። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ ሲጨርስ በሁለት እጁ አቀበላቸው። አባባ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዞሩት፤ አራቁት፣ አቀረቡት።

«በጓስ ደህና ናት» አሉ።